የተተከለ ወይስ የበቀለ

ከካድኮይ ወደ ኤሚኖኑ በሚመላለሰው መርከብ ላይ ሻይ የሚያዞረው ሂክመት የሰው ፊት አያስታውስም። አናት ግን አይረሳም! ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ትሪ ይዞ በተቀመጡ ሰዎች መሐል የተመላለሰ ሰው ሌላ ምን ሊያይ ኖሯል? ተሳፋሪው ተቀምጧል፣ እሱ ቆሟል። «ያ ወፍራሙ የባንክ ሰውዬ» ብትሉት አያውቀውም። «ያ አናቱ ላይ ያለው ሽክርክሪት ወደ ግራ የሚዞረው፣ ከኋላ ሳሳ ያለው» ካላችሁት ግን ሰውዬው ስንት ስኳር እንደሚጨምር ሳይቀር ይነግራችኋል።

ከተማው ደግሞ ፀጉር የሚተከልበት ከተማ ነው። ከየአገሩ የመጣው ወንድ ሁሉ ግንባሩን በጥቁር ጨርቅ ጠፍሮ፣ አናቱ ቀልቶና ነጠብጣብ ሞልቶት፣ መርከቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ለባሕር ወፎች ዳቦ ሲወረውር ይውላል። የአገሬውም ሰው ቢሆን ያስተክላል፣ ልዩነቱ አያወራም። እናም ሂክመትና ቡፌ ቤቱ ውስጥ ሻይ የሚቀዳው ዱርሱን አንድ ጨዋታ ፈጥረው ነበር።

«ሂክመት አቢ፣ አምስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ፣ ግራጫ ሹራብ» ይላል ዱርሱን ሻይ እየቀዳ፤ አቢ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

ሂክመት ትሪውን ይዞ አንዴ ያልፋል፣ ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰበ ይመለሳል። «የተተከለ! ግንባሩን አላየኸውም? በማስመሪያ ነው ያሰመሩለት። ሰው እንዲህ ሆኖ አይወለድማ።»

«ሰማያዊ ኮቱስ?»

«የበቀለ። በግራ ገባ፣ በቀኝ ወጣ ብሏል። ከፊት ያሉት ፀጉሮች ደግሞ አንድ አንድ ሆነው ሳሳ ሳሳ ብለው ነው የሚጀምሩት። ከኋላቸው ነው ድርብ ድርቡ የሚመጣው። ወላሂ የበቀለ ነው።»

«ያ ቀይ ኮፍያውስ?»

«ሄጄ አውልቅ ልበለው እንዴ?»

የተሸነፈ ሲሚት፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ፣ ይገዛል። ዳኛ ስላልነበረ፣ ሂክመትም ማጅራቱ ላይ ያየውን ነጠብጣብ ጠባሳ እየቆጠረ ስለሚከራከር፣ ሲሚት የሚገዛው ሁልጊዜ ዱርሱን ነው። ዱርሱን ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ራሱ ግን እንደ እንቁላል ነው። ሂክመት በበኩሉ ሃምሳን አልፎም ፀጉሩ ማበጠሪያ የሚሰብር ነው። ዱርሱንን የሚያንገበግበውም ይኼ ነበር።

«እኔ ብመራመር ያምርብኛል» ይለዋል። «አንተ ይህን ሁሉ ጫካ ተሸክመህ የሰው ማጅራት ለማጅራት ምን ያዞርሃል? ልታስተክል ነው? የት ላይ? ምላስህ ላይ?»

ሂክመት ይስቃል። ይስቃል እንጂ አይመልስም፣ መልሱ ቤት ነበረቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኔርጊስ አራት ዓመቷ ሳለ ሂክመት ጎረምሳነቱ ገና ያለቀቀው አባት ነበር። ማዕበል መጥቶ መርከቡ ሲናጥ ትሪውን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ሰቅሎ ጠብታ ሳያፈስ ማለፍ ይችልበታል። ተሳፋሪው ያጨበጭብለታል። ቤት ሲገባም ይህንኑ ለልጁ ያሳያታል፤ እሷም ትፍነከነካለች፣ «ድገም! ድገም!» ትለዋለች። አንድ እሑድ ጠዋት ሮጣ መጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ትሪው ላይ የፈላ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር። ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ጀምሮ እስከ መሐል አናቷ ድረስ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ፣ ፀጉር እርም አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሂክመት እቤቱ ውስጥ ሻይ ይዞ አያውቅም። ሚስቱ ሳቢሃ ትቀዳለች፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ይጠጣል። ልጅቷ አድጋ ኤሚኖኑ ያለ መድኃኒት ቤት ሥራ ስትይዝና በአባቷ መርከብ መሳፈር ስትጀምር እንኳ ሻይዋን የሚሰጣት ዱርሱን ነው። ሂክመት ትሪ ይዞ በእሷ በኩል አያልፍም፣ በሌላው መተላለፊያ ዞሮ ይሄዳል።

ለኔርጊስ ባሕር ማየት ነፍሷ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ የምትቀመጠው በተዘጋው አዳራሽ ውስጥ ነው። የግራውን ፀጉር አስረዝማ፣ ወደ ቀኝ ገልብጣ፣ በሦስት ቦታ በፒን ትይዘዋለች። ነፋስ ካገኘው ግን ፒን አይመልሰውም። አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ከክፍሏ ልጆች ጋር ውጭ ተቀምጣ ነፋሱ ፀጉሯን ገልቦት ያውቃል። ልጆቹ ያኔ ያሏትን ለማንም አልተናገረችም፣ ውጭ መቀመጥ ግን በዚያው ቀረ።

ሥራ ከያዘች በኋላ ደግሞ፣ በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ መርከቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። ውጭ ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር። ሂክመት ከላይ ሆኖ አያት፦ ኔርጊስ መግቢያው ድረስ መጣች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ ወደ ውጭ አየች፣ ከዚያ ወደ ኋላዋ ተመልሳ ወደቡ ላይ ቆመች። ሥራዋ እየረፈደ መርከቡን ለቀቀችው። መርከቡ ሲነሳ አባቷን አየችውና ምንም እንዳልሆነ ሰው እጇን አውለበለበችለት። ጨዋታውም የተጀመረው በማግሥቱ ነው።

እንግዲህ ምርምር ማለት ይህ ነው! ማታ ማታ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሐኪም ቤቶቹን ፎቶ ያያል። «በፊት» የሚለው ፎቶ ላይ ሰውዬው ፀጉሩ ረጥቦ፣ መብራቱ ከላይ እየነደደበት፣ አንገቱን ደፍቶ ነው። «በኋላ» የሚለው ላይ ፀጉሩ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ መብራቱ ደብዝዞ ነው። «ቆይ ይቺን እኔም አውቃታለሁ» ይላል ሂክመት ለሳቢሃ። «ከትናንት የተረፈ ሲሚትም ጥሩ መብራት ሥር ትኩስ ይመስላል።» በእረፍት ቀኑ እየዞረ ደጃቸውን ያንኳኳል። እንግዳ ተቀባዮቹ ፀጉሩን አይተው ይደነግጣሉ።

«አቢ፣ እርስዎ... የት ጋ ነው የሚተከልልዎ?»

«የት ጋ እንደሚተከል ኋላ ይደረስበታል። ቢላውን የሚይዘው ማነው?»

«ቡድናችን በጣም ልምድ ያለው...»

«ቡድኑን ተይልኝ እህቴ። አንድ ሰው፣ ስም ያለው ሰው። ቀዳዳውን የሚከፍተው ማነው?»

እዚህ ጋ ሁሉም ወረቀት ማገላበጥ ይጀምራል። አንዱ «በአንድ ቀን አምስት ሺህ ሥር፣ የዕድሜ ልክ ዋስትና!» አለው። ሂክመት እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ። ምክንያቱም አንድ ነገር ገብቶታል፦ የሚተከለው ፀጉር የሚመጣው ከራሷ ከልጅቷ ማጅራት ነው፣ እሱም ልክ አለው። ያወጣው ሰው ካባከነው ባከነ። ማጅራቱ ብል እንደበላው ልብስ ሳስቶ ይቀራል፣ ጠባሳውም እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ ዕድል የለም። ሂክመት አንዴ አቃጥሏታል፣ ደግሞ በራሱ ምርጫ ሊያበላሻት?

ስለዚህ ፎቶ ተወና በሰው አናት ብቻ አመነ። መርከቡ ላይ ከሚያልፈው ሕዝብ መሐል፣ አስተክሎ ሳለ ያላስተከለ የሚመስል አንድ ራስ ያገኛል፤ ማን እንደተከለለት ይጠይቃል፣ አለቀ!

ያልታሰበው ነገር፣ ይህን ያህል የሚያምር ራስ ያላስተከለም ሰው ሊኖረው መቻሉ ነው። አንድ ቀን ጡረታ የወጣ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን፣ ትከሻው የበር ስፋት ያለው ሰው፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ፀጉሩ! ሂክመት ምራቁን ዋጠ። ማጅራቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አየ መሰለው፣ ልቡ ዘለለች።

«ካፒቴን፣ ማሻ አላህ፣ እጁ ይባረክ! ማነው የተከለልዎ?» አለ፣ በደስታው ድምፁን መቀነስ ረስቶ።

ካፒቴኑ ብርጭቆውን በዝግታ አስቀመጠ።

«ምን አልክ?»

«አይ፣ ማለቴ...»

«እኔን? ፀጉር? ና ወዲህ!» ካፒቴኑ አንገቱን ደፍቶ አናቱን ሰጠው። «ጎትት!»

«ኧረ ካፒቴን፣ በአላህ...»

«ጎትት አልኩህ! ሰዉ ሁሉ እያየ ጎትት!»

ሂክመት ትሪውን አስቀምጦ ጎተተ። «ጠበቅ አድርገህ!» ጠበቅ አድርጎ ጎተተ። አንድም አልወጣም። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ፣ አንዲት አሮጊት «የእኔም ባል እንዲህ ቢጎተት ኖሮ እውነቱ ይወጣ ነበር» አሉ። ነጠብጣቡ የጨው ፍንጣቂ ኖሯል። የተተከለ ፀጉርም ቢሆን ሲጎተት እንደማይነቀል ሂክመት ያውቃል፣ ግን ይህንን እዚያ ላይ የሚናገር እብድ አይደለም። ዱርሱን ቡፌው ሥር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። የዚያን ቀን ሲሚቱን ሂክመት ገዛ።

ከዚያ በኋላ አፉን ሰብስቦ ዓይኑን ብቻ አሠራ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ማክሰኞ፣ የጠዋቱ መርከብ ላይ አገኘው! ፌሪት ቤይ ይባላል፣ አቶ ፌሪት እንደ ማለት፤ የውል ማዋዋያ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ዘወትር ጋዜጣውን አጥፎ ከግራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ሰው። ሂክመት ሻይ ሲሰጠው ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ቀን ጠርጥሮት አያውቅም። ያን ቀን ሰውዬው የወደቀ ጓንቱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ማጅራቱ ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታዩ። ሂክመት ብርጭቆ የሚጠርግ መስሎ ጠጋ አለና አያቸው። ጨው አይደለም! ከዚያ ግንባሩን አየ። ገባ ወጣ ያለ፣ ሳስቶ የሚጀምር፣ እያንዳንዷ ፀጉር በየራሷ አቅጣጫ የተኛች፣ አናቱ ላይ ያለውን ሽክርክሪት ሳይቀር ተከትላ የዞረች። እየሮጠ ቡፌው ጋ ሄደ።

«ዱርሱን! አገኘሁት! ዓመታት ሙሉ ሻይ ስሰጠው!»

«ደግሞ ማንን ልትጎትት ነው?»

ሂክመት ግን ከካፒቴኑ ተምሯል። ስኳሩ የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈትቶ ጀርባው ላይ ጻፈ፦ «ጌታዬ፣ ለልጄ ነው። ቃጠሎ ነው። ሐኪሙ ማነው?» ወረቀቱን አጥፎ ከብርጭቆው ሥር፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠና ሳይጠየቅ ሁለተኛ ሻይ ወሰደለት።

ፌሪት ቤይ አነበበው። ጆሮው ቀላ። ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ወረደ። ረቡዕ ምንም የለም። ሐሙስ በሌላ በኩል ተቀመጠ። ሂክመት በሦስቱ ቀን ውስጥ አሥር ዓመት አረጀ። «ሰውዬውን አባረርኩት፣ አሁን በአውቶቡስ መሄድ ይጀምራል» እያለ ሲብሰለሰል ዓርብ ጠዋት ፌሪት ቤይ የድሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሲወርድ ባዶው ብርጭቆ ሥር ያው የስኳር ወረቀት ታጥፎ ነበር፦ «ዶክተር ሙከረም ሐኒም፣ ኡስኩዳር፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አማቴ እንኳ አታውቅም። ስሜን እንዳታነሳ።»

ሂክመት ወረቀቱን ሳመው። ዱርሱንንም መላጣው ላይ ሳመው።

ኔርጊስ ግን ስትሰማ አልዘለለችም። «አባዬ፣ እኔ መቼ ጠየቅኩህ?» አለችው። ነገር ግን የካፒቴኑን ታሪክ ጨርሶ ሲነግራት፣ እንዴት እንደጎተተ በገዛ ፀጉሩ ላይ ሲያሳያት፣ ሳቋን መያዝ አቃታትና «እሺ፣ ሄደን እንስማ፤ መስማት ብቻ ነው» አለች።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ማስታወቂያ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ የፎቶ መዓት የለም። ዶክተር ሙከረም ስድሳ የሚጠጋቸው፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው። ሂክመት ሁለት ዓመት ያጠናውን ሁሉ ዘረገፈው፣ ስለ ግንባር መስመር፣ ስለ አንድ አንድና ድርብ ድርብ። እሳቸው ጨርሰው ሰሙት።

«ሂክመት ቤይ፣ ዓይንዎ ከአንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ይሻላል» አሉ። «ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያዩት የወንድ ግንባር ነው። የልጅዎ ነገር ጠባሳ ነው። ጠባሳ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም። እኔ ብተክልም ላይዝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰማንያ ሥር ብቻ ተክለን እንጠብቃለን። ከያዘ እንቀጥላለን። ካልያዘ ከማጅራቷ አንዲት አልነካም።»

«ቢላውን የሚይዘውስ?» አለ ሂክመት፣ ይህቺን ጥያቄ ሊተዋት አይችልምና።

ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። «እነዚህ ናቸው። በቀን አንድ ሰው።»

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለች ኔርጊስ። «ነፋስ ላይ ይታያል?»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አናቷን ተመለከቱ። «ነፋስ ሲነሳ ከሌላው ፀጉርሽ ጋር አብሮ ካልዞረ እኔ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው፣ ልጄ።»

ሰማንያው ተተከለ። በሦስተኛው ሳምንት የተተከለችው ፀጉር በሙሉ ረገፈች። እንዲህ እንደሚሆን፣ ሥሩ ቀርቶ ፀጉሩ እንደሚረግፍ፣ ሂክመት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለሳቢሃም ያስረዳት እሱ ነው። ትራሷ ላይ ሲያየው ግን ዕውቀቱ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋና ለዶክተሯ በአንድ ጠዋት ስድስት ጊዜ ደወለ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት፣ ምንም። በአራተኛው ወር ማለቂያ ሳቢሃ ልጇን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ በወስፌ ጫፍ እየለየች መቁጠር ጀመረች። ሂክመት በሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ነው።

«ሃያ ሁለት... ሃያ ሦስት... አትነቃነቂ ልጄ... ሠላሳ!»

«ሠላሳ?!»

«ዝም በል፣ አሳሳትከኝ!» እንደገና ከአንድ ጀመረች። ሂክመት ሊፈነዳ ደረሰ። «ሃምሳ ሦስት!» ብላ ስትጮህ ደስታ ፈነቀለው፤ ሳቢሃን አንስቶ አሽከረከራት፣ ጎረቤቶቹ ግድግዳ እስኪደበድቡ ድረስ ጨፈረ። ኔርጊስ እየሳቀች አለቀሰች።

ዋናው ሥራ ከመሠራቱ በፊት በነበረው ምሽት ግን ልጅቷ አባቷን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ዓይኔ ምን ዓይነት ነው?»

«ቡናማ ነዋ።»

ቀና ብለው ሲያዩት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዓይን ነበር። ሂክመት አሁን ገና አየው፤ ደነገጠ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታወራኝ የምታየው አናቴን ነው» አለች። አልተቆጣችም። «እንደ ተሳፋሪ። ከነገ ጀምሮ ሻሽ አደርጋለሁ። ፀጉሬን እኔ ስፈልግ ነው የምታየው። እስከዚያ ፊቴን እይልኝ። ማልልኝ።»

ሂክመት ማለላት፣ መሐላውንም ጠበቀ። ኧረ ምን ዓይነት ስቃይ ነበር! በዓለም ላይ ሊያየው የሚሻው አንድ አናት እቤቱ ውስጥ ሻሽ ለብሶ ይመላለሳል። ሳቢሃን «እንዴት ነው?» ሲላት «ደህና ነው» ከማለት በቀር አትተነፍስም። ዓመት አለፈ፣ ሁለት ወር ተጨመረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሂክመት የልጁን ፊት ተማረ፤ ከግራ ቅንድቧ ሥር ትንሽ ጥቁር ነጥብ እንዳላት፣ ልትዋሽ ስትል አፍንጫዋ እንደሚሸበሸብ። ሰኞ ዕለት «ቅዳሜ ሥራ አለኝ፣ ቀድሜ እወጣለሁ» ስትለው አፍንጫዋ ተሸብሽቦ ነበር። እሱ ግን ልብ አላለውም።

ቅዳሜ የደቡብ ነፋስ ነበር። ባሕሩ ተነስቷል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ውስጥ ገብቶ ታጭቋል። ዱርሱን ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ እየጣለ፣ ያለ ምክንያት እየሳቀ ነበር።

«ሂክመት አቢ» አለ። «ውጭ፣ በስተኋላ፣ የመጨረሻው አግዳሚ። ወይን ጠጅ ኮት፣ አጭር ፀጉር። ዛሬ ለመርከቡ ሰው ሁሉ የሚበቃ ሲሚት ነው ውርርዱ።»

«አብደሃል?»

«ፈራህ?»

ሂክመት ትሪውን አንስቶ ወጣ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ባሕሩ ዞራ ተቀምጣለች። ፀጉሯ አገጯ ድረስ የተቆረጠ ነው፣ ያልታሰረ፣ ነፋሱ እንዳሻው የሚጫወትበት። ነፋሱ ወደ ግራ ሲወስደው ሁሉም ወደ ግራ፣ ሲለቀው ሁሉም ወደ ቦታው። ባዶ ብርጭቆ የሚሰበስብ መስሎ ጠጋ አለ። አናቷ ላይ ሽክርክሪቱ አለ፤ ከሱ እየተነሱ ወደ ቀኝ ጆሮ የሚወርዱት ፀጉሮች አንድ ላይ ተጋድመዋል። ማጅራቷን አየ፤ ሙሉ ነው፣ አልሳሳም። ተመለሰ።

«የበቀለ!»

«እርግጠኛ ነህ? ደግመህ እይ።»

ደግሞ ሄዶ አየ፣ እየሳቀ ተመለሰ። «ሲሚቱን እዘዝ ዱርሱን! የሚደብቅ ነገር ያለው ሰው በዚህ ነፋስ እዚያ ይቀመጣል? ደግሞ ሽክርክሪቷን አላየህም? ማሻ አላህ፣ ከእናቷ ሆድ ይዛው የመጣችው ነው።»

«ትምላለህ?»

«በኔርጊስ እምላለሁ!»

ዱርሱን ፊቱን ወደ ማንቆርቆሪያው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አይታወቅም። አንድ ሻይ ቀድቶ፣ ሁለት ስኳር አድርጎ፣ ትሪው ላይ አኖረው። «እንግዲያው ይህን ውሰድላት። አዛለች። አንተው ራስህ እንድታመጣላት ነው የፈለገችው።»

ሂክመት እያፏጨ ወጣ። ማዕበሉ መርከቡን ቢንጠው ትሪውን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ሰቀለው። አጠገቧ ሲደርስ «ሻይሽ፣ እህቴ» አለ።

ዞረች። ፊቷን ነው ያየው፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ዓይን፣ ከቅንድቧ ሥር ያለችውን ነጥብ። ትሪው ከራሱ በላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ከዚያ የፈላ ሻይ እንደያዘ ትዝ ሲለው ቀለሙ ጠፋና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ወዴት ነው የምትሸሸው?» አለች ኔርጊስ። «ሻዬን አምጣ እንጂ።»

«ኔርጊስ... ልጄ... ትኩስ ነው...»

«አውቃለሁ። ሻይ ነው። አባዬ፣ ትመጣለህ ወይስ እኔ ተነስቼ ልምጣ?»

ተጠጋ። ትሪውን አወረደና በሁለት እጁ ያዘው። ግማሹ ሻይ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ፣ ግን ሰጣት። በሃያ ዓመት ውስጥ ለልጁ የሰጣት የመጀመሪያ ሻይ ነው። ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ በተነው፤ እሷም እጇን እንኳ አላነሳችም።

«በል እይ» አለች አንገቷን ደፋ አድርጋ። «ፈቅጃለሁ። በቀኝ በኩል ነው።»

ሂክመት ግን አጠገቧ ተንበርክኮ ቀና ብሎ ያያት ነበር። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። «ቆይ» አለ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ፊትሽን ልይ።»

ከበስተኋላቸው ዱርሱን በሩን በርግዶ «ሕዝብ ሆይ! ሂክመት አቢ ተሸንፏል! ሲሚት በሱ ነው!» እያለ መርከቡን በጩኸት ያናውጠዋል፤ ነገሩ ያልገባው ተሳፋሪም ሲሚት መባሉን ሰምቶ ያጨበጭባል።

ኔርጊስ ከሻዩ ተጎነጨችና ፊቷን ጨፈገግ አደረገች።

«አባዬ፣ ስኳሩ አንሷል።»

ሂክመት እንባውን በመዳፉ ጠርጎ ስኳር ሊያመጣ ሮጠ።